በትንሽ ካራቫን በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ፦ የጥቅምት የጉዞ ማስታወሻ

በሰሜን ቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሩቅ አይደለም። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በአውራ ጎዳና 66 ወደ ምዕራብ የነዳ ሰው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀበት፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፍሮንት ሮያል ከተባለችው ከተማ ይደርሳል፤ የፓርኩ ሰሜናዊ በርም እዚያው ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናውቀው ቅዳሜ ጠዋት ሄደን፣ የቀላውን ቅጠል አይተን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ማታውኑ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ስንመለስ ነው። ተራራው ግን ራሱን የሚያሳየው ጎብኚው ከሄደ በኋላና ገና ሳይመጣ በማለዳ ስለሆነ፣ እዚያው ማደር ያስፈልጋል።

ለእኛ ቤት ማደር ማለት ድንኳን ማለት ሊሆን አይችልም ነበር። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷን ያማታል፤ መሬት ላይ ከተኛች ያለ ሰው እርዳታ መነሣት አትችልም። ትልቅ የመኪና ቤት ከመከራየት ይልቅ ያገለገለች አነስተኛ የፋይበርግላስ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የምትጎተት ማደሪያ፣ የገዛነውም በዚህ ምክንያት ነው። ርዝመቷ 13 ጫማ፣ ማለትም አራት ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከኋላ ጠረጴዛው ወርዶ ሰፊ አልጋ ይሆናል፤ ከፊት ደግሞ አንድ ሰው የሚያስተኛ መቀመጫ አለ። የዚህ ዓይነቱ አሠራር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ሬይ ኦሌኮ የተባለ የካናዳ ሰው በዊኒፔግ ከተማ ቦለር የተባለውን ካራቫን ሲሠራ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጋን ከፋይበርግላስ ይሠራ ስለነበር፣ ቀላልና ውኃ የማያስገባ ነገር እንዴት እንደሚወጣ ያውቅ ነበር። አካሉ በሁለት ቁራጭ ተቀርጾ፣ የላይኛውና የታችኛው ወገቡ ላይ ይጋጠማል። ጣሪያው ላይ መጋጠሚያ ስለሌለ ዝናብ የሚሰርግበት ቀዳዳ እምብዛም አይገኝም፤ የሚበሰብስ የእንጨት ግድግዳ ስለሌለውም ዕድሜው ረጅም ነው። የአርባና የሃምሳ ዓመት ካራቫኖች ዛሬም በመንገድ ላይ የሚታዩት ስለዚህ ነው።

ረቡዕ

በካራቫን የሚጓዝ ሰው ከሁሉ በፊት ክብደቱን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከከተማ እንደወጣን የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት ማደያ ጎራ አልን። ካራቫኗ ስንቁና አልጋ ልብሱ ተጭኖባት፣ የውኃ ጋኗ ግን ባዶ ሆኖ፣ 1,700 ፓውንድ ወይም 770 ኪሎ ግራም ገደማ መዘነች። መኪናችን እንዲጎትት የተፈቀደለት 3,500 ፓውንድ ስለሆነ፣ ጭነታችን የአቅሙን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከጠቅላላው ክብደት ያላነሰ ትኩረት የሚሻው ደግሞ በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያርፈው ነው፤ እርሱም ከካራቫኑ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊሆን ይገባል። ከዚህ ካነሰ ካራቫኑ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከበዛ ደግሞ የመኪናውን ጀርባ ተጭኖ የፊት ጎማዎቹ መንገዱን እንዳይቆነጥጡ ያደርጋል። የእኛ 200 ፓውንድ ያህል ስለነበር ልባችን አረፈ።

ውኃውን ባዶ የተውነው ሆን ብለን ነው። አንድ ጋሎን ውኃ ወደ 3.8 ኪሎ ስለሚመዝን፣ የ12 ጋሎን ጋን ብቻውን 45 ኪሎ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ቧንቧ ወዳለበት ቦታ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ነዳጅ ማባከን ነው። ስንቁ ላይ ግን እናቴ ማንም ሊያርማት የማይችል ባለሙያ ሆና ተገኘች። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ የተመጠነ ሽሮና በርበሬ በየከረጢቱ አዘጋጅታ፣ እንጀራውን በጨርቅ ከዚያም በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችን። እነዚህ ሁሉ ማቀዝቀዣ የማይፈልጉ ወይም ለጥቂት ቀን የሚታገሡ፣ ቀላልና የሚያጠግቡ ናቸው፤ በቅሎ ላይ ተጭኖ ለሚሄድ መንገደኛ የተዘጋጀ ስንቅ ለትንሽ ካራቫንም የተሠራ ይመስላል። ረከቦቱ ብቻ አልገባ ስላለ ቤት ቀረ፤ ጀበናውና ስኒዎቹ በነጠላ ተጠቅልለው በልብስ መሐል ተቀመጡ።

በአውራ ጎዳናው ላይ በሰዓት ከ60 ማይል ሳናልፍ ነዳን፤ ብዙዎቹ የተሳቢ ጎማዎች ከ65 ማይል ለሚበልጥ ፍጥነት አልተሠሩምና። ጎማዎቹን በዚያው ሳምንት አስቀይረን ስለነበር፣ ፍሮንት ሮያል ስንደርስ የጎማውን ዳዶዎች በቁልፍ አንድ በአንድ ፈተሽናቸው፤ አዲስ የታሰረ ጎማ የመጀመሪያዎቹን 50 ማይሎች ከሄደ በኋላ ሊላላ ስለሚችል ይህን መዝለል አይገባም። የጎማውን ማዕከል በእጄ ዳስሼ ለብ ከማለት ያለፈ ሙቀት እንደሌለው ካረጋገጥሁ በኋላ ስካይላይን ድራይቭ በተባለው የተራራ መንገድ መውጣት ጀመርን። መንገዱ 105 ማይል ርዝመት አለው፤ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ብቻ ስለሆነ ተሳቢ የያዘ ሰው ከኋላው ለሚመጣ መኪና ሸክም አይሆንም።

ያደርነው ከሰሜኑ በር ተቆጥሮ ማይል 22 ላይ ባለው ማቲውስ አርም በተባለው የካምፕ ሰፈር ነው። አጭር ካራቫን ወደ ኋላ ማስገባት ከረጅሙ ይልቅ እንደሚከብድ ያልሞከረው ሰው አያምንም። በመኪናው ጎማና በካራቫኑ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ስለሆነ፣ መሪው ጥቂት ሲዞር ካራቫኑ ወዲያው ይታጠፋል። ቀላልነቷ ግን መድኃኒቱን ይዞ መጥቷል። ቦታው ደልዳላ ስለነበር ከመኪናው ፈትተን፣ እኔና ባለቤቴ በእጃችን ገፍተን በፈለግነው በኩል አስቀመጥናት። ወለሉ ላይ ውኃ ልክ አድርጌ ስመለከት በግራ በኩል ዝቅ ብላ ነበርና ከጎማው ሥር ሳንቃ አገባንበት፤ ከዚያ በሁለቱም ወገን ታኮ ደግፈን፣ የፊቱን ክሪክ አዙረን ወለሉን አስተካከልን። የውኃ ልኩ አረፋ ከመካከል ሲቆም እናቴ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠችና እግሯን ዘርግታ «ይኼማ ቤት ነው» አለች።

ሐሙስ

ሌሊቱን ነፋስ ነበረ፤ ጠዋት ግን ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ማይል 32 ላይ መንገዱ ሜሪስ ሮክ በተባለው ተራራ ሆድ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው ከ180 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ከፍታው ግን 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ስለሆነ ትልልቆቹ የመኪና ቤቶች ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ቁመታቸውን ማወቅ አለባቸው። የእኛ ካራቫን በላይዋ ሌላ ነገር ቢጫንባት እንኳ አትነካም። ከዋሻው ስንወጣ ሸለቆው በአንድ ጊዜ ተገለጠ፤ ታች ጉም ተኝቶበት፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቢጫና ቀይ ዛፍ ይታይ ነበር።

በመንገዱ ዳር ወደ 70 የሚጠጉ መመልከቻ ቦታዎች አሉ። የትንሽ ካራቫን ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚገባው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ረጅም ተሳቢ የያዙ ሰዎች ገብተው መዞር አለመቻላቸውን እየፈሩ ብዙዎቹን ሲያልፏቸው አየን፤ እኛ ግን ከአንድ ረጅም መኪና ብዙም የማይበልጥ ቦታ ስለምንይዝ እናቴ «እዚህ አቁሙ» ባለችበት ሁሉ ቆምን። የመንገዱን ዳር የሚጠብቁትን የድንጋይ ግንቦች ከሠሩት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ መንግሥት ሥራ አጥ ወጣቶችን አሰባስቦ ያቋቋመው የሲቪል ኮንሰርቬሽን ኮር አባላት ይገኙበታል። እናቴ ግንቡን በእጇ እየዳሰሰች አንዱ ድንጋይ ከሌላው ጋር እንዴት እንደተጋጠመ ስትመለከት ቆየች፤ አባቷ ግንበኛ ነበሩና ድንጋይ ታውቃለች።

ማይል 43 ላይ ሊምበርሎስት የተባለ የእግር መንገድ አለ። ርዝመቱ 1.3 ማይል ሲሆን፣ በተፈጨ ድንጋይ ተደልድሎ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች እንኳ እንዲመች ተደርጎ ተሠርቷል። በፓርኩ ውስጥ ከሚታወቁት ፏፏቴዎች መካከል ብዙዎቹ ቁልቁል ወርዶ ዳገት መመለስን ስለሚጠይቁ፣ አረጋዊ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህን መንገድ አስቀድሜ እመክራለሁ። እናቴ ከዘራዋን ይዛ፣ በየአግዳሚ ወንበሩ እያረፈች፣ ዙሩን ጨረሰች። በዚህ ስፍራ የነበሩት ያረጁ የሄምሎክ ዛፎች ከሌላ ክፍለ ዓለም በመጣ ጥቃቅን ነፍሳት ተመጥጠው አልቀዋል፤ የወደቁት ግንዶች ሸብተው፣ በላያቸው አረንጓዴ የዛፍ ሽበት አብቅለው ተጋድመዋል።

ቢግ ሜዶውስ በተባለው ሰፊ መስክ ጥቂት ቆየን። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሐምሌ 3 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ፓርኩን በይፋ የመረቁት በዚህ መስክ ነው። ከዚያ ማይል 57 ተኩል ላይ ወዳለው ሉዊስ ማውንቴን ሰፈር አመራን። ይህ ሰፈር ትንሽ ነው፤ 30 ያህል ቦታዎች ብቻ አሉት፤ ቀድሞ ለመጣ ይሰጣል እንጂ በቅድሚያ አይያዝም፤ ስለዚህም ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መድረሳችን ጠቀመን። በዚህ ከፍታ የጥቅምት ሌሊት የዋዛ አይደለም። ምሽት ላይ ባለቤቴ ሥጋ ስትጠብስ፣ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለች እሳቱ ዳር ተቀመጠች።

ዓርብ

ዓርብን ሳንነቃነቅ እዚያው ዋልን፤ እንዲህ ያለ ቀን የሌለበት የካምፒንግ ጉዞ ድካሙ ከዕረፍቱ ይበልጣል።

ይህን ሰፈር የመረጥነው በታሪኩም ምክንያት ነው። ፓርኩ ሲከፈት ቨርጂኒያ ውስጥ የዘር መለያየት ሕግ ስለነበር፣ ሉዊስ ማውንቴን እ.ኤ.አ. በ1939 ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ተከፈተ፤ ምግብ ቤቱ፣ ማደሪያ ጎጆዎቹና ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ሁሉ ለብቻ ነበር። መለያየቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተነሣ ሄዶ፣ በ1950 ፓርኩ በሙሉ ለሁሉም እኩል ክፍት ሆነ። ፓርኩ ራሱ ሲቋቋም ደግሞ ወደ 500 የሚጠጉ የተራራው ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነሥተዋል፤ ዛሬም በጫካው ውስጥ የቤታቸው መሠረትና የመቃብር ቦታቸው ይገኛል። ይህን ለእናቴ በነገርኋት ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፣ «የተነሡት የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀች። አንዳንዶቹ መንግሥት ባዘጋጀላቸው የሰፈራ ቦታ፣ ሌሎቹ ራሳቸው ባገኙት ቦታ እንደተቀመጡ ነገርኋት። እኛ በሰላም የምናድርበት ቦታ ሰው የተገፋበትና የተነቀለበት እንደነበር ማወቅ ለእንግዳ ሰው ግዴታ ነው ብዬ ስለማስብ፣ በጫካው መንገድ ስንሄድ የቆየ የድንጋይ ካብ ባየን ቁጥር ቆም እያልን ተመለከትን።

የቀኑ ሌላ ሥራ ውስጡን ማድረቅ ነበር። በትንሽ ካራቫን ውስጥ ሦስት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ፣ ጠዋት መስኮቱ ላይ ውኃ ይወርዳል፤ ትራሱና የፍራሹ ሥር ይረጥባል። ብርድ ነው ብሎ ሁሉን መዝጋት ነገሩን ያባብሰዋል። የጣሪያውን መተንፈሻና አንዱን መስኮት የጣት ስፋት ያህል ከፍቶ ማደር፣ ጠዋት ደግሞ ፍራሹን አንሥቶ አየር እንዲያገኘው ማድረግ ያስፈልጋል። ማሞቂያችን በጋዝ የሚሠራ ቢሆንም አየር የሚወስደውም ጭሱን የሚያስወጣውም ወደ ውጭ በሚወጣ ቱቦ ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከአልጋው አጠገብ ተሰክቷል። የከሰል ጭስ ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ የማያውቅ የአገራችን ሰው ስለሌለ ብዙ መናገር አያሻም፤ በካራቫን ውስጥ ግን ከሰል ብቻ ሳይሆን የምግብ ማብሰያ ቡታጋዝም ለማሞቂያ መዋል የለበትም። ባትሪያችን በሶላር እየሞላ መብራቱንና የማሞቂያውን ማራገቢያ ያለ ችግር አንቀሳቅሷል፤ በዚህ ሰፈር የኤሌክትሪክ መስመር ስለማይገኝ ሌላ አማራጭ አልነበረም።

የማገዶ እንጨት ከቤት አላመጣንም፤ ፓርኩም ይህን ይከለክላል። በተለይ አሽ የተባለውን ዛፍ የሚያደርቀው አረንጓዴ ጢንዚዛ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው ሰዎች በሚያመላልሱት እንጨት ውስጥ ስለሆነ፣ የሚፈቀደው በሙቀት ታክሞ ማረጋገጫ የተሰጠው እንጨት ወይም በፓርኩ ውስጥ ደርቆ የወደቀ ብቻ ነው። ጥቁር ድቦች ስለሚኖሩም የሚበላና የሚሸት ነገር ሁሉ፣ ሳሙና ሳይቀር፣ ካራቫኑ ወይም መኪናው ውስጥ ይቆለፍበታል። የሽሮ ድስት የታጠበበት ውኃ መሬት ላይ አይደፋም፤ በባልዲ ተይዞ ለዚሁ ወደ ተሠራው መታጠቢያ ይወሰዳል።

ጾም ስለነበረ ምሳችን ሽሮ ሆነ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ከውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቡናውን አጥባ በመጥበሻ መቁላት ጀመረች። ፍሬው መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያም መንጣጣት ሲጀምር ጭሱ በዛፎቹ መካከል ተዘረጋ። ከእኛ ሁለት ቦታ አልፎ በድንኳን የሰፈሩ ባልና ሚስት ቀና ብለው ይመለከቱ ጀመር። እናቴ ባለቤቴን «ጥሪያቸው፤ ጭሱ ደርሷቸው ቡናው ካልደረሳቸው ነውር ነው» አለቻት። ባለቤቴ «እማማ፣ ስኒው ይበቃናል?» ብትላት «በዙር ይጠጣል» ብላ መለሰች። መጡ፤ ጀበናውን፣ ካራቫኗን፣ ዳቦ ቆሎውን እየጠየቁ እስከ በረካው ድረስ ተቀመጡ። ሰውየው ለመግዛት ያሰበው የነበረው 25 ጫማ ካራቫን እንደነበር ነግሮኝ፣ የእኛን ውስጧን ሲያይ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጣሪያውን በእጁ ለካ። የመሰለኝን ነገርሁት፦ የሚገዛው ሰው አስቀድሞ ሊሄድባቸው የሚፈልጋቸውን መንገዶች ያስብ፤ ከዚያም መኪናው የሚችለውን ሳይሆን ራሱ ሳይጨነቅ የሚነዳውን ይምረጥ።

ቅዳሜ

ስካይላይን ድራይቭ ማይል 105 ላይ ሮክፊሽ ጋፕ ሲደርስ ያልቅና ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ከዚያው ይቀጥላል፤ እርሱ እስከ ሰሜን ካሮላይና ድረስ 469 ማይል ይዘልቃል። የማይሉ ቁጥር እዚህ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ገና ማይል 6 ሳይሞላ ሃምፕባክ ሮክስ የተባለ ቦታ ላይ የተራራ ገበሬዎች አኗኗር የሚታይበት የቆየ ግቢ አለ። የግንድ ቤቱን፣ የዶሮ ቤቱንና የምግብ ማስቀመጫ ጉድጓዱን እናቴ ማብራሪያ ሳትጠብቅ ለምን እንደሚያገለግሉ እየለየች ነገረችን።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለሹፌሩ ፈተና ነው። ማይል 64 ገደማ ላይ መንገዱ የጄምስ ወንዝን ይሻገራል፤ ይህ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 198 ሜትር ብቻ ስለሆነ የፓርክዌዩ ዝቅተኛ ስፍራ ነው። ከዚያ 13 ማይል ያህል ብቻ ተጉዞ አፕል ኦርቻርድ በተባለው ተራራ ላይ ከ1,200 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እርሱም በቨርጂኒያ በኩል ያለው የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ነው። ወደ ወንዙ ስንወርድ ማርሹን አስቀድሜ አውርጄ ሞተሩ እንዲይዘን አደረግሁ፤ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ተጭኖ መውረድ ያግለውና አልይዝም እንዲል ያደርገዋል። ካራቫኗ ትንሽ ብትሆንም የራሷ የኤሌክትሪክ ፍሬን ስላላት መኪናውን ከኋላ አልገፋችውም። ወንዙ ዳር የቀድሞውን የጀልባ ቦይ የውኃ በር እያየን ሞተሩን አሳረፍን። ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ስንወጣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል አልተንቀሳቀሰም።

ማይል 86 ላይ ፒክስ ኦፍ ኦተር ስንደርስ ጉም ወርዶ ዝናብ ጀመረ። እያጨለመ በዝናብ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎችን አይቶ አለማዘን አይቻልም፤ እኛ ታኮ ደግፈን፣ ክሪኩን አውርደን፣ ወዲያው ገባን። በቀረው እንጀራ የተሠራውን ፍርፍር ጣሪያው በዝናብ እየተመታ በላን።

እሑድ

ዝናቡ ሌሊት አባርቶ ነበር። በአቦት ሐይቅ ዙሪያ ያለው የእግር መንገድ አንድ ማይል ያህል ደልዳላ ስለሆነ እናቴ በዝግታ ዞረችው። ከሐይቁ በላይ ሻርፕ ቶፕ የተባለው ሾጣጣ ተራራ ይታያል፤ ከጫፉ የተወሰደ ድንጋይ ዋሽንግተን ከተማ ባለው የጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት ውስጥ ተገንብቶ ይገኛል። ከዚያ ወደ ቤድፎርድ ወርደን፣ በሊንችበርግ በኩል መንገድ 29ን ይዘን፣ በሻርለትስቪልና በኩልፔፐር አድርገን ወደ ሰሜን ተመለስን።

ቤት እንደደረስን ጨለማው ሳይይዘን መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ፍራሹን አቆምን፤ በርጥበት የተዘጋ ካራቫን በሳምንት ውስጥ ሻጋታ ይይዛልና። የክረምቱ ብርድ እየቀረበ ስለሆነም ጋኑንና ቱቦዎቹን አንጠፍጥፈን፣ ለመጠጥ ውኃ መስመር ተብሎ የሚሸጠውን የማይጎዳ ፀረ በረዶ ፈሳሽ በቧንቧዎቹ ውስጥ አሳለፍን፤ ባትሪውንም ሙሉ አድርገን ፈትተን ቤት አስገባነው።